ተከራዩ አልከፍልም፣ አልወጣም ብሏል፤ ቁልፉን ልቀይር?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በግቢው ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ቤቶች እያከራየሁ ነው የምኖረው። አንዱን ለአንድ ባለትዳር በወር 3,500 ብር ሰጥቼው የ1 ዓመት ውል ተፈራርመናል። ውሉ ካለቀ ስምንት ወር ሆኖታል። እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም መክፈሉን ቀጠለ። አሁን ግን አራት ወር ሙሉ አልከፈለም። ልጄ ደግሞ ከጎንደር ተዛውራ ስለምትመጣ ቤቱን ለእሷ እፈልገዋለሁ። ‹ውጣልኝ› ስለው ‹ሕግ አለ› ይለኛል። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ‹ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው› ብለው መለሱኝ። ጎረቤቶቼ መብራት ቁረጪበት፣ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ቀይሪው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እናቴ፣ ቁልፉን አይቀይሩ። መብራቱንም አይቁረጡ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይህን ያስቀደምኩት በእጅዎ ያለው ጉዳይ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ሊያበላሹት የሚችሉት እርስዎ ራስዎ ብቻ ነዎት።

ተከራይዎ «ሕግ አለ» ያለው ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ሳይከፍል እንዲኖር አይፈቅድለትም። ነገር ግን ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም በእጁ ይዞት የሚኖርበት እሱ ነው። ይህ ይዞታ ይባላል፤ የራሱ ጥበቃም አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነጠቀ ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ከሶ እንዲመለስለት፣ ሁከቱም እንዲወገድለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ካሳም መጠየቅ ይችላል። በዚያ ክስ ላይ «ቤቱ እኮ የኔ ነው» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድዎትም።

ቁልፍ የቀየረ አከራይ የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተከራዩ ማልዶ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እግድ ይወጣለታል፤ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ የጠፋብኝ ንብረት ብሎ ዝርዝር ያቀርባል። ላፕቶፕ፣ የሚስቱ ወርቅ፣ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ጥሬ ገንዘብ። ነበረ አልነበረ ማን ያውቃል? በሩን የከፈቱት እርስዎ ስለሆኑ መልስ የሚጠበቀው ከእርስዎ ነው። በዚያ ላይ የሰው መኖሪያ ቤት መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያስቀጣል። ተከራይቶ የሚኖርበት ቤትም መኖሪያ ቤቱ ነው። 14,000 ብር ውዝፍ ይዘው የሄዱ ሴት ተከሳሽ ሆነው ይመለሳሉ ማለት ነው።

መብራቱም ያው ነው። ቆጣሪው በእርስዎ ስም መሆኑ ለውጥ አያመጣም። የመብራትና የውሃ ድርሻውን ካልከፈለ በክሱ ላይ ደምረው ይጠይቁታል እንጂ አይቆርጡበትም።

ፖሊሶቹ «የፍትሐ ብሔር ነው» ብለው መመለሳቸው ትክክል ነው፤ አይቀየሟቸው። ኪራይ አለመክፈል ወንጀል አይደለም። ፖሊስ የሚያስፈልግዎት ዛቻ ወይም ድብድብ ከመጣ ነው። አለበለዚያም መጨረሻ ላይ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። የ1 ዓመቱ ውል ሲያልቅ ዝም አሉ፤ እሱም ከፍሎ ቀጠለ፤ እርስዎም ተቀበሉ። በሕጉ አነጋገር ውሉ በዝምታ ታደሰ፤ ነገር ግን ላልተወሰነ ጊዜ ሆኖ። ስለዚህ «ውሉ እኮ አልቋል፣ ዛሬውኑ ውጣ» ማለት አይችሉም። እሱም «ሌላ 1 ዓመት አለኝ» ማለት አይችልም። ላልተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል ከሁለት አንዱ በቂ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቆመው ይችላል።

ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ኪራይ መጨመርም እንደልብ አይደለም። በክልል ከተሞች የትኞቹ ላይ እንደሚፈጸም መወሰኑን ግን ለክልሎቹ ትቷል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍዎ በፊት ክፍለ ከተማዎ ይሂዱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «የቤት ኪራይ ውል እየመዘገባችሁ ነው ወይ?» እየመዘገቡ ከሆነ የእርስዎ ውል በዚያ አዋጅ ይታያል ወይ ብለው መልሱን ይዘው ይምጡ።

ለምን ይጠቅማል? ሰውየውን ለማስወጣት ሁለት ምክንያት አለዎት፦ አንዱ ውዝፍ ኪራይ፣ ሌላው «ለልጄ ፈልጌዋለሁ»። በአዋጁ የሚዳኝ ከሆነ ሁለተኛው ብቻውን ደካማ ነው፤ የ2 ዓመቱ ከለላ የተደነገገው ለዚህ ዓይነቱ ምክንያት ነው። ውዝፍ ኪራይ ግን በሁለቱም ሕግ ይሠራል። ስለዚህ እኔ ብሆን ጉዳዩን በውዝፉ ላይ አቆመዋለሁ። የልጅዎን መምጣት ዳኛው ፊት ማንሳት ይችላሉ፤ ሰው ነውና ይሰማል። ዋናው ምሰሶ ግን አይሁን።

እግረ መንገዴን፣ «ቤቱን ሸጠሽ ገላገልሽ» የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። ቤት ቢሸጥም ተከራዩ ወዲያው አይወጣም። በአዋጁ መሠረት ገዢውም ቢሆን የስድስት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው። እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ። አብዛኛው አከራይ የሚሸነፈው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ ይህን ወረቀት ባለመጻፉ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውሉን አልፈጸመልኝም የሚል ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ ተገቢ የሆነ ቀነ ገደብ ማስቀመጥን ይፈቅዳል። ግቢ ውስጥ ቆመው «ውጣልኝ» ያሉት ማስጠንቀቂያ ነው ብለን ልንከራከር እንችላለን። ግን እሱ «አላሉኝም» ይላል። ከዚያ ምስክር ፍለጋ ይጀመራል።

ስለዚህ በጽሑፍ። ሕጋዊ ቃላት አያስፈልጉትም። እንዲህ ይበቃል፦

«ለአቶ እገሌ። በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት በወር 3,500 ብር ተከራይተው የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ለአራት ወራት አልከፈሉም። ውዝፉ 14,000 ብር ደርሷል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ውዝፉን ሙሉ በሙሉ እንዲከፍሉ እያሳሰብኩ፣ ካልከፈሉ ውሉ በዚያ ቀን የሚቋረጥ መሆኑንና ቤቱን እንዲያስረክቡኝ አሳውቃለሁ። ቤቱን ለልጄ መኖሪያ ስለምፈልገው፣ ውዝፉን ቢከፍሉም የኪራይ ውሉ ከዚህ ቀን በኋላ እንዲቀጥል አልፈልግም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ራሱን የቻለ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑን ሲያስቀምጡ ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን ጋር ያስማሙት፤ ወሩ መሃል ላይ አይቁረጡት። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር፣ ቢቻል ሁለት ይስጡት። ክፍለ ከተማው «በአዋጁ ነው የሚታየው» ካለዎት ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውጧት፤ በውዝፉ ብቻ ይሂዱ። 30 ቀን ለምን አልኩ? ሰውየው ቤተሰብ አለው። ዳኛም ሲያየው «አጣደፈችው» የማይልበት ጊዜ ነው።

ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ይስጡትና በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ አይጨቃጨቁ። ሁለት ጎረቤት ባሉበት ወረቀቱን ያኑሩለት፤ ጎረቤቶቹም ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ። ዘመድ ባይሆኑ ይመረጣል። ከዚያ በተጨማሪ ፖስታ ቤት ሄደው በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ፎቶውን በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት መላክም አይከፋም፤ ብቻውን ግን አይተማመኑበት።

አሁን ወጥመዱን ልንገርዎት። ማስጠንቀቂያው በደረሰው ማግስት፣ ወይም ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰውየው በቴሌብር ወይም በባንክ 3,500 ብር ይልክልዎታል። ምክንያቱ ላይ «የዚህ ወር ኪራይ» ይጽፋል። እርስዎም ብር መጣ ብለው ደስ ይልዎታል። ሦስት ወር ቆይቶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ኪራይ እየተቀበሉኝ ነው፣ ውሉ ቀጥሏል» ይላል። መልስ ማጣት የለብዎትም። ብሩን መመለስ አያስፈልግም፤ ዕዳው ነው። ግን በዚያው ቀን በጽሑፍ፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ «የላኩት 3,500 ብር ካለብዎት ውዝፍ ላይ ታስቧል፤ የሰጠሁት ማስጠንቀቂያ እንደጸና ነው» ብለው ይላኩለት። ይህች አንድ መስመር ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ቀነ ገደቡ ሳያልፍ 14,000ውን ሙሉ በሙሉ ከከፈለስ? ያኔ በውዝፍ ምክንያት ማስወጣት ከባድ ይሆናል። በእጅዎ የሚቀረው ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ላልተወሰነ ጊዜ የሆነውን ውል ማቆም። እሱም የሚያስኬደው ጉዳይዎ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚታይ ከሆነ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ግን ሽማግሌ ይላኩ። የሕግ ባለሙያ ሆኜ ይህን ስል የሚገርመው ሰው ይኖራል፤ ሥራዬን ትቼ አይደለም። ሽማግሌ የሚያገኘውን ፍርድ ቤት ላይሰጥዎት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1770 ዳኛው የባለዕዳውን ችግር አይቶ እስከ 6 ወር የሚደርስ የችሮታ ጊዜ፣ ማለትም ዕዳውን የሚፈጽምበት ተጨማሪ ጊዜ፣ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። ዳኛ ሁሉ ይሰጣል ማለቴ አይደለም፤ ሊሰጥ ግን ይችላል። በሌላ በኩል ሰውየው ሥራ አጥቶ፣ ወይም ልጆቹን በትምህርት ዘመን መሃል ከሰፈሩ ማንሳት ከብዶት ይሆናል። የእድር ሰው ወይም የንስሐ አባቱ ቢያናግሩት «ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እወጣለሁ፣ ከውዝፉ ሁለት ወር ይማሩኝ» ሊል ይችላል። 7,000 ብር መማር ይጎዳል። ግን ያለ ክርክር ቁልፍ መረከብ ከዚያ በላይ ዋጋ አለው፤ ልጅዎም ቶሎ ትገባለች።

ዕርቁ በቃል አይቅር። የሚወጣበት ቀን፣ የሚከፍለው ገንዘብ፣ የማይፈጽም ከሆነ ምን እንደሚሆን ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ የዕርቅ ውሉን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 እስከ 277 ባለው መሠረት ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሰውየው ቃሉን ቢያጥፍ እንደገና ከዜሮ አይጀምሩም ማለት ነው።

ሽማግሌ ካልሠራ ክስ። ቤቱ ባለበት በባሕር ዳር ከተማ የወረዳ ፍርድ ቤት ይከፍታሉ። የክስ ማመልከቻ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ የውሉና የማስጠንቀቂያው ቅጂ ይያያዛል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይጽፉልዎታል። አንድ ነገር ግን በራስዎ ዓይን ያረጋግጡ፦ የሚጠይቁት ነገር ሁሉ ተጽፏል ወይ? ብዙ ሰው «ቤቱን ይልቀቅልኝ» ብሎ ብቻ ይከሳል። ውዝፉ 14,000 ብር፣ ክሱ እየታየ ባለበት ጊዜ የሚጨምረው ኪራይ ቤቱን እስኪያስረክብ ድረስ፣ ያልተከፈለ መብራትና ውሃ፣ ወጪና ኪሳራ፤ አራቱም ይግቡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 216 ከአንድ ነገር የሚመነጭ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ክስ ይጠቃለል ይላል። ያስቀሩትን በኋላ በሌላ ክስ ልምጣበት ቢሉ በሩ ሊዘጋብዎት ይችላል።

«ከፍያለሁ፣ በእጇ ነው የሰጠኋት» ቢልስ? ይላል። ግን ዕዳ ነበረብኝ፣ ከፍዬዋለሁ የሚል ሰው መክፈሉን የሚያስረዳው ራሱ ነው፤ አንቀጽ 2001 ይህን ይላል። ለዚህ ነው የቀድሞዎቹን ወራት ኪራይ በባንክ የተቀበሉ ከሆነ የሂሳብ መግለጫዎን አትመው ቢያያይዙ የሚጠቅምዎት። እስከ አንድ ወር ድረስ በባንክ ሲከፍል የነበረ ሰው ከዚያ ወዲያ ድንገት በእጅ መክፈል ጀመርኩ ቢል ዳኛው ይጠይቀዋል። እዚህ ላይ ግን የኪራይ ገቢ ግብርዎን ያስቡ። ያልከፈሉት ካለ አስቀድመው ያስተካክሉት። የተናደደ ተከራይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ባለቤትዎ አርፈዋል ብለዋል። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? አሁንም በእሳቸው ስም ከሆነ ተከራይዎ «ቤቱ የሷ አይደለም፣ ልትከሰኝ አትችልም» የሚል መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል። በኪራይ ውሉ ላይ አከራይ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ከሆኑ ክስዎን በውሉ ላይ ይመሥርቱ። ውሉን ፈርሞ ቤቱን ከእርስዎ የተረከበ ሰው አሁን ተነስቶ ባለቤትነትዎን ቢጠይቅ ብዙ ርቀት አይሄድም። ውሉን የፈረሙት ባለቤትዎ ከሆኑ ግን ከክሱ በፊት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ልጆች ካሉ እነሱም አብረው ይግቡ ወይም ውክልና ይስጡዎት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እየቆጠረ እያለ ጎን ለጎን ይጀምሩት።

የዳኝነት ክፍያ አለ፤ በገንዘቡ መጠን ይሰላል። አቅም ከሌለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት ያለ ክፍያ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላሉ። ጠበቃ መያዝ የማይችሉ ከሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ጥሩ ናቸው፤ አይፈሩ፣ ይግቡ።

ክሱ ሲከፈት መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያውን ለማድረስ ይጣሩ፤ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚራዘመው መጥሪያ ባለመድረሱ ነው። ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ያኔም ቢሆን አልተዘጋም። በቂ ምክንያት ነበረኝ ብሎ በ1 ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ቀርቦ ከተከራከረና ከተሸነፈ ደግሞ ይግባኝ የሚጠይቅበት 60 ቀን አለው። ይግባኝ ማለቱ ብቻውን ግን ፍርዱን አያስቆመውም፤ የበላይ ፍርድ ቤቱ እግድ ካልሰጠ አፈጻጸሙ ይቀጥላል። የክረምቱንም ነገር አይርሱ። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት በከፊል ይዘጋሉ፤ ግንቦት ላይ የሚጀመር ጉዳይ ወደ አዲሱ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ለልጅዎም ይህን አስቀድመው ይንገሯት፤ ዕቃዋን ጭና መጥታ ግቢ ውስጥ እንዳትቆም።

ፍርድ ወጥቶም አልወጣም ካለ አሁንም ቁልፍ አይቀየርም። የፍርድ አፈጻጸም ማመልከቻ ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ተከራዩን ጠርቶ ለምን አልፈጸምክም ይለዋል። ከዚያ ቤቱን እንዲያስረክብ ያዛል፤ እምቢ ካለ ፖሊስ የሚመጣው ያኔ ነው፣ በትእዛዝ። ዕቃው ሲወጣ ዝርዝር ይያዝ፤ እርስዎ ባይነኩት ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገርም ያጋጥማል። ሰውየው አንድ ሌሊት በሩን ቆልፎ፣ ዕቃውን ግማሽ ትቶ ይጠፋል። ስልኩ ይዘጋል። እርስዎ «ወጣ» ብለው ይደሰታሉ። በሩን ግን አይስበሩት። ቢያንስ የውሉ ጊዜ በማስጠንቀቂያ መቋረጡንና ሰውየው አለመኖሩን ለፍርድ ቤቱ አመልክተው፣ በትእዛዝ፣ በፖሊስና በሰፈር ሽማግሌ ፊት ይከፈት። የተገኘው ዕቃ አንድ በአንድ ተጽፎ ይፈረም፤ ድስቱም ፍራሹም። ፎቶ ይነሳ። ከዚያ ለልጅዎ ቀለም ቀቢ መጥራት ይችላሉ።